ፈርሞ ለመውጣት 300 ፓውንድ

የሎርዶች ምክር ቤት የብሪታንያ ፓርላማ የላይኛው ቤት ነው፤ በአብዛኛው የሚገባበት በምርጫ ሳይሆን በሹመት ነው። አባሉ ደመወዝ የለውም። የሚከፈለው ውሎ አበል ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2010 ድረስ ከለንደን ውጭ የሚኖር አባል ከተማው ውስጥ ላደረበት ሌሊት ያስከፍል ነበር፤ ደረሰኝ አምጣ የሚለው ግን አልነበረም።

ሎርድ ሃኒንግፊልድን እንውሰድ። የሎርዶች ምክር ቤት አባል፣ የኤሴክስ አውራጃ ምክር ቤትም መሪ ነበሩ። ለንደን አደርኩ እያሉ ሲያስከፍሉ ሾፌራቸው ኤሴክስ ቤታቸው ያደርሳቸው ነበር። አንዱን ሌሊት እንዲያውም ለንደን ሳይሆኑ ወደ ህንድ በሚበር አውሮፕላን ውስጥ ነበሩ። በ2011 ፍርድ ቤት 9 ወር እስራት ፈረደባቸው።

የሎርዶች ምክር ቤት ደግሞ በ2010 አሠራሩን ቀይሮ ነበር። የማደሪያው ሒሳብ ቀረና መጥቶ ለተገኘ አባል በቀን እስከ 300 ፓውንድ መክፈል ተጀመረ። ትልቁ ስህተት ለእኔ ይሄ ነው። ውሸቱ የቀረው ሰዎቹ ታርመው ሳይሆን መዋሸት ስላላስፈለገ ነው።

ሃኒንግፊልድ ከእስር ወጥተው ወንበራቸው ላይ ተመለሱ። በጁላይ 2013 የዴይሊ ሚረር ጋዜጠኞች ተከታተሏቸው። ምክር ቤቱ ከመጡባቸው 19 ቀናት በ11ዱ የቆዩት ከ40 ደቂቃ በታች ነው። አንድ ቀንማ 21 ደቂቃ ብቻ። ገብቶ፣ ታይቶ፣ ውልቅ። እዚያው ቤት ሕጉን አንቀጽ በአንቀጽ ሲፈትሹ የሚያመሹ አባላት አሉ። የሚከፈላቸው ያው ነው።

ምክር ቤቱ 3,300 ፓውንድ እንዲመልሱ አዝዞ አገዳቸው። በወንጀልም ተከሰው ነበር፤ በ2016 ግን ዐቃቤ ሕግ ክሱን ተወው። ምክንያቱ ያንገበግባል፦ «የፓርላማ ሥራ» ምን እንደሆነ የሚወስነው ፓርላማው ራሱ ነው፣ ፍርድ ቤት አይገባበትም ተባለ። በሕዝብ ገንዘብ እንዴት ተከፋዩም ዳኛውም አንድ ቤት ይሆናል? ይህ ትርጉም በሕግ ይጻፍ። የመግቢያና የመውጫ ሰዓትም ይመዝገብ፤ አበሉ በሥራው ልክ ይሁን።

አበሉ ቢስተካከልም ሹመቱ ይቀራል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንላለን። እዚያ ግን መሻር ብሎ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ የብዙዎቹ ሹመት የዕድሜ ልክ ነው። በ2014 የወጣው ሕግ አባልነት የሚነጥቀው ከአንድ ዓመት በላይ የተፈረደበትን ነው። የሃኒንግፊልድ ዓይነት የ9 ወር ፍርድ አይነካውም። ለአንድ ሙሉ የፓርላማ ጉባኤ ዘመን ዝር ያላለም ይሰናበታል፤ አንድ ቀን ብቅ ካለ ግን ይተርፋል።

ከዚያ በፊት፣ በ2012፣ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኒክ ክሌግ 80 በመቶው አባላት ለአንድ የ15 ዓመት ዘመን እንዲመረጡ ረቂቅ አቅርበው ነበር። የታችኛው ምክር ቤት በ462 ለ124 ድምፅ ደገፈው። ሆኖም ከገዢው ጥምረት 91 ወግ አጥባቂዎች ስላመፁ መንግሥት ከወር በኋላ አነሳው። በ2017 ደግሞ የምክር ቤቱ አባል ሎርድ በርንስ የመሩት ኮሚቴ አዳዲስ ተሿሚዎች ከ15 ዓመት በላይ እንዳይቆዩ፣ የአባላቱም ቁጥር ከ600 እንዳይበልጥ ሐሳብ አቀረበ። በሕግ ስላልታሰረ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ያሻቸውን መሾም ቀጠሉ። እነዚያ ሁለት ቁጥሮች ሕግ ውስጥ መግባት አለባቸው፤ የሹመት ደብዳቤው ላይም የማብቂያው ቀን አብሮ ይጻፍ።