የጽሑፍ ፈተና ላይ ገፅ የምንሞላው ለማን ነው?

የመንግስት መስሪያ ቤት ክፍት የስራ ቦታ አይቶ ተመዝግቦ የጽሑፍ ፈተና የተቀመጠ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ጥያቄው "የመልካም አስተዳደር ችግር መንስኤዎችን አብራራ" ይላል፣ ተፈታኙ ደግሞ "መልካም አስተዳደር ማለት..." ብሎ ይጀምርና ትርጉሙን፣ መርሆዎቹን፣ ጥቅሙን ከሀንድአውቱ እንደሸመደደው ያወርደዋል፣ መንስኤ የሚባለው ጋ ሲደርስ ሰዓቱ አልቋል። ውጤት ሲለጠፍ "እኔ እኮ ሶስት ገፅ ነው የፃፍኩት፣ በዘመድ ነው ያለፉት" ይባላል። በዘመድ የሚያልፍ የለም እያልኩ አይደለም፣ አለ፣ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ሶስት ገፅ ስለተፃፈ ብቻ ነጥብ ይሰጣል ያለው ማነው?

እስቲ የህንዶቹን ፈተና እዩት፣ ዩፒኤስሲ የሚባለው የመንግስት ሰራተኛ መልማይ ኮሚሽን የሚያወጣውን። በፈረንጆቹ 2023 ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው አመልክቶ በምርጫ ፈተናው ተጣርቶ ለጽሑፉ ያለፈው 14,624 ነው፣ መጨረሻ ላይ ለሹመት የቀረበው 1,016። ጠቅላላ እውቀት ከሚሏቸው አራት ወረቀቶች ሶስቱ እያንዳንዳቸው 20 ጥያቄ በ3 ሰዓት ናቸው፣ አስሩ ባለ 10 ነጥብ ሆኖ በ150 ቃል፣ አስሩ ባለ 15 ሆኖ በ250 ቃል የሚመለስ። አስሉት፣ በአማካይ ለአንዱ 9 ደቂቃ ነው ማሰቢያውንም ጨምሮ። ከ150ው ቃል ውስጥ 50ውን ትርጉም ላይ ያቃጠለ ሰው ገና ሳይጀምር ሲሶውን በላው ማለት ነው።

የኛን ጥያቄ በዚህ መንገድ ብትመልሱት የመጀመሪያው አረፍተ ነገር ምን ይሆናል? "ለይዞታ ካርታ ክፍለ ከተማ ሲመላለስ የሚከርም ባለጉዳይ የሚጉላላው በዋናነት ውሳኔው አንድ ሰው እጅ ላይ ስለተንጠለጠለ፣ ፋይሉ በወረቀት ስለሆነና ያጉላላውን ሰራተኛ የሚጠይቅ ስለሌለ ነው።" በቃ፣ መልሱ ገብቷል። ከዛ እያንዳንዷን በሁለት በሶስት መስመር ማስረዳት ነው። ፈታኙ የወረቀት ክምር ይዞ ደክሞት ነው የተቀመጠው፣ መልሱን ፈልጎ ገፅ እንዲያገላብጥ አታድርጉት። አዋጅ የምትጠቅሱ ከሆነም እርግጠኛ ሁኑ፣ አዲሱ የፌዴራል መንግስት ሰራተኞች አዋጅ በ2017 ፀድቆ እያለ 1064/2010ን አሁንም የሚሰራ አስመስሎ መፃፍ ባይጠቀስ ይሻል ነበር ያሰኛል። (ፅሁፋችሁ የማይነበብ ከሆነ ደግሞ ይሄ ሁሉ ምክር ዋጋ የለውም።)

ግን ጥፋቱን ሁሉ ተፈታኙ ላይ መጫን ይከብደኛል። 12ኛ ክፍል በምርጫ፣ ከ2015 ጀምሮ የመጣው የመውጫ ፈተናም በምርጫ፣ ልጁ ሀ ለ ሐ መ እያከበበ አድጎ ስራ ፍለጋ ሲመጣ "ተንትን" ይባላል፣ አንድ አንቀፅ ፅፎ "ይሄ ከጥያቄው ወጥቷል" ብሎ ያረመለት ሰው ምናልባት በህይወቱ አጋጥሞት አያውቅም። የፈተና አውጪዎቹም ነገር ያው ነው፣ በስንት ቃል እንደሚመለስ አይፃፍም፣ ባዶ ወረቀት ይሰጥና ሰው ባለው ልክ ይሞላል፣ ብዙ የፃፈ ብዙ ያወቀ ይመስላል። ህንዶቹ ፈተናው ካለቀ በኋላ ጥያቄዎቹን ዌብሳይታቸው ላይ ይለጥፋሉ፣ ቀጣዩ ተፈታኝ አውርዶ ይለማመድበታል። እኛ ጋ የአምናው ጥያቄ እንደ ሚስጥር ነው፣ የሚያገኘው ውስጥ ሰው ያለው ነው፣ ያ ደግሞ "በዘመድ ነው" የሚለውን ሀሜት የሚያበላው እሱ ራሱ ነው። የቃል ገደብና ነጥብ ከጥያቄው ጎን መፃፍ፣ የድሮ ጥያቄ መለጠፍ፣ ይሄ በጀት የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

እስከዛው የስልካችሁን ሰዓት ቆጣሪ 9 ደቂቃ ላይ ሞልታችሁ በእጅ ፃፉ፣ በኪቦርድ አይደለም። ከዛ ስለጉዳዩ ምንም የማያውቅ ጓደኛችሁን አስነብቡትና ጥያቄው ምን የነበረ ይመስልሃል በሉት። "መንስኤ" ካላለ እንደገና ፃፉት።