የማያረጀው ኮረብታ

የአገራችንን የሒሳብ ጥበብ የሚጠራጠር ሰው ካለ፣ ጧት ከአቃቂ ወዲያ የድንጋይ ማውጫው ካባ አጠገብ ቆሞ ሲኖትራኮቹን ይቁጠር። እያንዳንዱ ገልባጭ 16 ሜትር ኩብ ጥቁር ድንጋይ ጭኖ ይወርዳል። በሬ ካራጁ ይውላል እንዲሉ ኮረብታውም ከድንጋይ ፈጪው ክሬሸር ጋር ይውላል። የአገር ሒሳብ መዝገቡ ላይ ግን አንዲት ጠጠር አልጎደለችም!

ኤክስካቫተሩ በየዓመቱ የእርጅና ተቀናሽ ይያዝለታል። ገልባጩም፣ ክሬሸሩም፣ የዘበኛው ቆርቆሮ ቤትም ሳይቀር ያረጃሉ። የማያረጅ አንድ ንብረት ብቻ ነው፤ እሱም ኮረብታው። ግማሹ ተበልቶ እንኳ በሒሳብ ዓይን ጎረምሳ ነው።

ነገር ፈላጊዎች አይጠፉምና፣ መጀመሪያ በሜትር ኩብ ይመዝገብ ይላሉ፤ የዓመቱ መነሻ ክምችት፣ የወጣው፣ በአዲስ ልኬት የተገኘው፣ የቀረው። እንበልና ካባው 480,000 ሜትር ኩብ ያልተነካ አለት አለው። ይህን ለ16 አካፍሎ 30,000 ቢያጆ የሚል ተሳስቷል። አለት ሲሰባበር በግማሽ ያህል ስለሚያብጥ 720,000 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ይህ ማለት 45,000 ቢያጆ። በቀን 25 ቢያጆ፣ በዓመት 300 ቀን ቢጫን ስድስት ዓመት ይበቃዋል። የኛ ባለሙያ ግን በእንዲህ ያለ ማካፈል ራሱን አያደክምም። ደረሰኝ ይደምራል (ያውም ከተቆረጠ)።

ከዚያ ወደ ብር ይገባሉ። ከሽያጩ ላይ ናፍጣው፣ ድማሚቱ፣ ደመወዙ፣ የማሽኑ እርጅናና ማሽን ላይ ለዋለው ገንዘብ የሚገባው ትርፍ ሲቀነስ፣ የሚተርፈው የድንጋዩ የራሱ ኪራይ ነው። ግብጻዊው ኢኮኖሚስት ሳላህ ኤል ሴራፊ ኪራዩን ዋናና ገቢ ብሎ ለሁለት ከፈለው። በሱ ስሌት፣ ስድስት ዓመት የቀረው ካባ በ5 በመቶ ወለድ ከታሰበ፣ ከ100 ብር 71ዱ የኮረብታው ዋና ነው፤ ለመብል የሚሆነው 29 ብር ብቻ። ለክፉም ለደግም መላ አለው፦ ወለዱን 10 በመቶ ሲያደርጉት ዋናው ወደ 51 ብር ይወርዳል። ኮረብታው ሳይነቃነቅ ሀያ ብር ገቢ ተወለደ፤ ይህን ያላመሰገነ ምን ያመሰግናል?

የኢንዶኔዥያን ደስታ ያበላሹትማ አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ሮበርት ሬፔቶና ባልደረቦቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 የነዳጁን፣ የደኑንና የአፈሩን መመናመን ቢቀንሱ፣ ከ1971 እስከ 1984 በዓመት 7.1 በመቶ የተባለው ዕድገት 4 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በሰው ድግስ ላይ ሚዛን ይዞ መምጣት ነውር አይደለም?

እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ዓለም አቀፍ የብሔራዊ ሒሳብ ሥርዓትም መመናመንን የምርት ወጪ አድርጎታል። ግን አትደንግጡ። የሚቀነሰው እርጅና ከተነሳለት፣ ከተጣራው የአገር ውስጥ ምርት ላይ ነው፤ በዜና የሚነበበው አጠቃላዩ የአገር ውስጥ ምርት አይነካም።

ደግሞስ የጉድጓዱ በረከት! ክረምት ሲገባ ውኃ ይቋጥራል፤ በቦቴ ተቀድቶ ለግንባታ ይሸጣል፣ በአገር ምርት ላይ ይደመራል። ልጅ እንዳይገባበት አጥር ይታጠራል፣ እሱም ይደመራል። በበጋ ውኃው ተመጦ ይሞላ ይባልና ጨረታ ይወጣል፣ ይደመራል። ለሙሌቱ የሚሆነው ገረገንቲ የሚመጣው ከሚቀጥለው ኮረብታ ነው።