ከመመረቂያ ጽሑፉ ጀርባ ያሉ ስሞች

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል ከቀረቡት የመጀመሪያ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፎች አንዱ እጁ የገባ ሰው፣ ምክሬን ከሰማ፣ ንባቡን ከመግቢያው አይጀምርም፤ በቀጥታ ወደ መጨረሻዎቹ ገጾች ይሄዳል። ተማሪው በክረምት ዕረፍት ወደ ትውልድ ቀዬው ወርዶ ያነጋገራቸው ሰዎች ስም፣ ዕድሜ፣ መኖሪያና ቃላቸውን የሰጡበት ቀን በታይፕ ተመትቶ የሚገኘው እዚያ ነው። አንዱ ጭቃ ሹም የነበሩ ናቸው፤ ሌላው ማይጨው ዘምተው የተመለሱ፤ ሌላው የደብር አለቃ። በ1967 ዓ.ም. የ85 ዓመት ዕድሜ ላይ የነበረ ሰው የአድዋ ዘማቾች ወደየቤታቸው ሲመለሱ የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ስለ ግብሩ፣ ስለ ርስቱ ክርክር፣ ስለ ገበያው መንገድና ስለ ከብት እልቂቱ የሚያውቀውን ለአንድ የሃያ ሁለት ዓመት ተማሪ ነገረው፤ ተማሪውም በደብተሩ ጻፈው፤ ከዚያ በካርቦን አባዝቶ ለአማካሪው አስረከበ። ተናጋሪው ዛሬ የለም። ብዙ ጊዜ ቃሉ ተመዝግቦ የቀረውም በዚያ ጽሑፍ ብቻ ነው።

ይህን የማነሣው በአሁኑ ጊዜ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የኤሌክትሮኒክ የጽሑፍ ማከማቻ፣ በተለምዶ ሪፖዚተሪ የምንለውን፣ ማቋቋማቸውን እንደ ትልቅ ሥራ ሲቆጥሩት ስለማይ ነው። ትልቅ ሥራ መሆኑን አልክድም። ብዙዎቹ የሚጠቀሙበት ዲስፔስ የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2002 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምና የሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ በጋራ ሠርተው ለዓለም በነፃ የለቀቁት ስለሆነ የሶፍትዌር ፈቃድ ወጪ የለበትም፤ የሚጠይቀው ሰርቨር፣ መብራት፣ ኢንተርኔትና በየዕለቱ የሚሠራበት ሰው ነው። ውጤቱም ይታያል። ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ የጅማን የቡና ጥናት፣ የሐረማያን የማሽላና የእንስሳት እርባታ ሙከራ፣ የጎንደርን የካላዛር ምርምር፣ የባሕር ዳርን የጣና ዓሣ ቆጠራና የአዲስ አበባን የፎክሎር ስብስብ ማገላበጥ ይቻላል። የዛሬ ሃያ ዓመት ይህን ለማድረግ አውቶብስ ተሳፍሮ አራት ክፍለ አገር መዞር፣ በየደረሱበትም የትብብር ደብዳቤ ማሳየት ያስፈልግ ነበር። ከሁሉ የሚያስገርመኝ የርእሰ ጉዳዮቹ ብዛት ነው፤ ስለ እንሰት በሽታ የሚያጠናውና ስለ ቅኔ ጎዳና የሚጽፈው በአንድ መደርደሪያ ጎን ለጎን የሚቆሙበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

ቅሬታዬ ማከማቻዎቹ ከሚይዙት ይልቅ በሚተዉት ነገር ላይ ነው። አብዛኞቹ የሚቀበሉት የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፍ፣ ሲጨመርም የመምህራን የመጽሔት ጽሑፍ ነው። ይህ አሠራር ሲታይ ምክንያታዊ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ከአገሪቱ የዩኒቨርሲቲ ታሪክ ጋር ሲገናዘብ ትልቅ ቀዳዳ አለበት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርት የጀመረው በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት በ1943 ዓ.ም. ነው። ኮሌጆቹ ተዋህደው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተባሉት በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ሲሆን፣ የድኅረ ምረቃ ትምህርት በወጉ የተቋቋመው ግን እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። እንግዲህ ከማስተርስ በታች ያለውን አልቀበልም የሚል ማከማቻ የመጀመሪያዎቹን 28 ዓመታት የተማሪ ጥናት እንዳለ ከደጅ ያስቀረዋል ማለት ነው። ከደጅ የቀረው ደግሞ ከኋለኛው ያነሰ አይደለም። በዚያ ዘመን አንድ ክፍል ውስጥ የሚመረቁት ጥቂት ነበሩ፤ አማካሪው እያንዳንዱን ገጽ አንብቦ በቀይ እስክሪብቶ ይሞግት ነበር፤ ተማሪውም ከየአውራጃው የመጣ ስለነበር የአገሩን ቋንቋ፣ የአገሩን ሰውና የአገሩን ጠብ ያውቃል። ዛሬ በጥናት በጀትና በአስተርጓሚ የማይደረስበት ሽማግሌ ለእርሱ አጎቱ ነበር።

ከመመረቂያ ጽሑፉ ባሻገር የግቢው የራሱ ታሪክ አለ። የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልክ ነበር፤ አብዛኞቹም በየትምህርት ቤቱ አስተምረው ተመልሰዋል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው፣ በኅዳር 1962 ዓ.ም. የዋለልኝ መኮንንን የብሔረሰቦች ጥያቄ ጽሑፍ በተማሪዎች ኅብረት ልሳን ያነበበው፣ በታኅሣሥ የኅብረቱን ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛውን በግድያ ያጣው ትውልድ ከዚሁ ግቢ የወጣ ነው። ይህን ትውልድ ማመስገንም መውቀስም ቀላል ሆኗል፤ በየሳምንቱ የምንሰማው ክርክር ነው። ከተከራካሪዎቹ ውስጥ ግን ዋናውን ጽሑፍ፣ በስቴንስል የተባዛውን በራሪ ወረቀት ወይም የኅብረቱን ቃለ ጉባኤ ያነበበው ስንቱ ነው? በሰሜን አሜሪካ የነበሩት ተማሪዎች የሚያሳትሙት «ቻሌንጅ» እና በአውሮፓ የነበሩት የሚያሳትሙት «ታጠቅ» ቅጂዎች በውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ውስጥ ቁጥር ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል። የአገር ቤቱን ልሳን ለማግኘት ግን ወይ የሚያውቁት ሰው ቤት መሄድ ነው፣ ወይ ወደ ኢትዮጵያ ጥናት ተቋም።

ተቋሙን ሳላመሰግን ማለፍ አይገባኝም። እ.ኤ.አ. በ1963 ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነው ከተመሠረተ ጀምሮ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ሆኖ፣ ሌላው የጣለውን ሲሰበስብ ኖሯል። (ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ጣልያኖች ለእያንዳንዱ የፋሺስት ዓመት አንድ ደረጃ እያሉ የሠሩት ጠመዝማዛ ደረጃ ዛሬም አለ፤ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ማስረጃን ከማፍረስ ይልቅ በላዩ ላይ መጨመር እንደሚሻል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር ስድስት ኪሎ ውስጥ አላየሁም።) ሆኖም ተቋሙ ያለው አዲስ አበባ ነው። የአሶሳው መምህር፣ የሰመራው ተማሪ፣ አባቱ በ1965 ምን እንደጻፈ ማየት የሚፈልገው የዋሽንግተኑ ልጅ እዚያ በአካል መገኘት አለባቸው።

የሐረማያ ነገር ደግሞ ለብቻው የሚነገር ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የአለማያ የእርሻ ኮሌጅ የተቋቋመው ከኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ፣ ከዛሬው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ጋር በተደረገ ስምምነት ነው። የኦክላሆማው ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት ኢትዮጵያን ጎብኝተው ነገሩን ጀመሩት፤ ፍጻሜውን ሳያዩ በታኅሣሥ 1951 እ.ኤ.አ. ኢራን ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። አሜሪካውያኑ መምህራን እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. እዚያው አስተምረዋል። ሲመለሱም እንደማንኛውም ሠራተኛ ደብዳቤያቸውን፣ ሪፖርታቸውንና ፎቶግራፋቸውን ይዘው ተመልሰዋል። ስለዚህ የአንድ የኢትዮጵያ ግቢ የልጅነት ታሪክ ገሚሱ ከሐረር ይልቅ ለኦክላሆማ ይቀርባል። ይህ የማንም ስርቆት አይደለም፤ እነርሱ ወረቀት አይጥሉም፣ እኛ እንጥላለን።

አሁን ወደ ቴክኒኩ ልግባ፤ ምክንያቱም ማከማቻው ውስጥ የገባውም ቢሆን ብዙ ጊዜ የገባ ያህል አይደለም። በአማርኛ የተጻፈ፣ በ1990ዎቹ ከስድስት ኪሎ ጀርባ ካሉት የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቆች በአንዱ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተተየበ ጽሑፍ ይክፈቱ። ዓይን የሚያየው ጥሩ አማርኛ ነው። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድተው ሌላ ገጽ ላይ ይለጥፉ፤ የሚወጣው የላቲን ፊደል፣ ቅንፍ፣ የመቶኛና የዶላር ምልክት የተቀላቀለበት ትርምስ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነና ሱቆቹም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በለመዱት ስለቀጠሉ፣ የዚያ ዘመን ጽሑፍ ለሰው የሚነበብ፣ ለፍለጋ ግን ዲዳ ነው። በዩኒኮድ የተጻፈውም ከጣጣ አልዳነም። «ዓለም» ብሎ የፈለገ «አለም» የተባለውን አያገኝም፤ «ሠርግ» እና «ሰርግ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» ለማሽኑ የተለያዩ ቃላት ናቸው። የሰው ስም ሲመጣ ይብሳል። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ የለንም፤ መዝጋቢው አንዴ አባቱን ያስቀድማል፣ አንዴ ራሱን፤ በላቲን ሲጻፍ ደግሞ ያው ሰው በሦስት ዓይነት ፊደል ሦስት ሰው ይሆናል።

በዓይኔ ያየሁትን አንድ ስሕተት ልጨምር። በሽፋኑ ላይ «ግንቦት 1972» የሚል ቀን ያለው የአማርኛ ጽሑፍ በካታሎግ እንዳለ 1972 ተብሎ፣ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ሳይነገር ተመዝግቧል። ጽሑፉ ስለ ገበሬ ማኅበራት ነው። ካታሎጉን ያመነ የውጭ አገር ተመራማሪ የገበሬ ማኅበር ከአብዮቱ ሁለት ዓመት ቀድሞ ተቋቁሞ ነበር ብሎ ሊጽፍ ይችላል። እንዲህ ያለውን ለማረም የሚያስፈልገው የአገሩን የቀን አቆጣጠር የሚያውቅና ሽፋኑን ገልጦ የሚያይ አንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነው፤ ማከማቻ ሲቋቋም ግን መጀመሪያ የሚገዛው ሰርቨር፣ መጨረሻ የሚቀጠረው እርሱ ነው።

የሚነሡት ተቃውሞዎች አይጠፉኝም። የመጀመሪያ ዲግሪ ጽሑፍ ጥራት የለውም ይባላል። ድምዳሜው ደካማ ሊሆን ይችላል፤ በዘመኑ የፖለቲካ ቋንቋ የታጨቀ፣ የመደብ ትግልን ከየጓዳው የሚያወጣም አለ። እኔ የምፈልገው ግን ድምዳሜውን ሳይሆን ምስክርነቱንና በእጅ የተሳለውን የቀበሌ ካርታ ነው። የቅጂ መብትም ይነሣል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአመንጪው ዕድሜ ልኩን፣ ለወራሾቹም ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ጥበቃ ስለሚሰጥ የ1965 ተመራቂ ጽሑፍ ዛሬም የራሱ ነው፤ ሙሉውን በይፋ ለመልቀቅ ፈቃዱ ያስፈልጋል። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ርእሱን፣ ስሙን፣ ዓመቱንና የተናጋሪዎቹ ዝርዝር መኖሩን ለመመዝገብ ማንም አይከለክልም። ባለ መብቱን ፈልጎ መጠየቅም የተመራቂዎች ማኅበር ባለበት አገር ከአቅም በላይ አይደለም። ከባዱ ሦስተኛው ነው። አዛውንቱ ስለ ጎረቤታቸው መሬት፣ ስለ ደም ካሣ፣ ማን ከማን ወግኖ እንደነበረ የተናገሩት ለአንድ ልጅ ነው፤ ለዓለም አይደለም። ልጅ ልጆቻቸው ዛሬም በዚያው ወሰን የሚጋጩ ከሆነ ጽሑፉን በጥድፊያ ኢንተርኔት ላይ መስቀል እሳት ላይ ቤንዚን መጨመር ይሆናል። አንዳንዱ ምዕራፍ ለተወሰነ ጊዜ ተዘግቶ፣ በንባብ ክፍል ብቻ የሚታይ ቢሆን አልቃወምም። ይህን እያነበበ የሚለይ ሰው ይመደብ እላለሁ እንጂ ሁሉም ይለቀቅ አልልም።

ሕጉም ቢሆን መንገዱን አልዘጋም። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት ሁሉ በብሔራዊው የአካዳሚክ ዲጂታል ማከማቻ እንዲገባ ይጠይቃል። ፖሊሲው ያተኮረው ወደፊት በሚጻፈው ላይ ነው። በካርቦን የተባዛው ስስ ወረቀት ግን ወደፊትን አይጠብቅም፤ የብረት መያዣው ዝጎ ገጹን ይበላዋል፣ ሰማያዊው ፊደልም በየዓመቱ ይደበዝዛል።

እኔም የራሴ አለኝ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ስለ ትውልድ ከተማዬ ገበያ የጻፍኩት፣ 74 ገጽ ነው፤ ከጀርባው የ11 ሰዎች ስም አለ፣ አንዷ ጨው በአሞሌ ሲሸጥ የነበራቸውን ሱቅ የገለጹልኝ የእናቴ አክስት ናቸው። ትምህርት ክፍሉ ያስቀመጠው ቅጂ በአንድ የቢሮ ዝውውር ወቅት ከሌሎቹ ጋር ከደረጃ ሥር ተከምሮ ዝናብ እንደገባበት ሰማሁ። ባለፈው ዓመት የእኔን ቅጂ ይዤ ስሙን ወደማልጠራው ወደዚያው ግቢ ሄድኩ። የተቀበለችኝ ወጣት ትሑት ነበረች፤ ወንበር ሰጠችኝ፣ ጽሑፉንም በሁለት እጇ ተቀብላ ገለጠችው። ከዚያ ኮምፒውተሯ ላይ ያለውን ቅጽ አሳየችኝ። የዲግሪው ዓይነት በሚለው ቦታ የሚመረጡት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ማስተርስና ዶክትሬት። «ጋሼ፣ አንዱን ካልመረጥኩ አልፎ አይሄድልኝም» አለችኝ። ማስተርስ ብላ ልትሞላልኝ ፈልጋ ነበር፤ እኔ እምቢ አልኩ። ጽሑፉ አሁን ቤቴ ነው፤ የእናቴ አክስት ስም ያለበትን ገጽ በስልኬ ፎቶ አንስቼዋለሁ።