ዕጣ ይውጣ ወይስ እጅ ይውጣ?

ቦሌ አራብሳ አካባቢ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለት መምህራን አንድ ዘጠነኛ ክፍል ያስተምራሉ። የባዮሎጂ መምህርቷ የተማሪዎቹን ተራ ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ጽፈው የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ጨምረዋል። ጥያቄ ይጠይቁና ዕጣ ያወጣሉ፤ ቁጥሩ የወጣለት ይመልሳል። የዚያው ክፍል ኃላፊ የሆኑት የሂሳብ መምህር ይህን አይወዱትም። ሻይ ላይ የጀመሩትን ክርክር በጽሑፍ እንዲቀጥሉት ጠየቅናቸው።

መምህርቷ፦

ክፍሉ ውስጥ ከስልሳ በላይ ልጅ አለ። ጥያቄ ሲጠየቅ የሚወጡት እጆች ግን ሁሌም ያው ናቸው፤ ፊት ዴስክ የተቀመጡ፣ እንግሊዝኛው ያልከበዳቸው አራት አምስት ልጆች። «ቲቸር! ቲቸር!» እያሉ ጣታቸውን አፍንጫዬ ሥር ያደርሱታል። ሌላው አንገቱን ደፍቶ የሚጽፍ ይመስላል። «ገባችሁ?» ስላቸው ደግሞ ቤቱ እስኪናወጥ በአንድ ድምፅ «ዬስ ቲቸር!» ይላሉ። ፈተና ሳርም ያ ሁሉ «ዬስ» የት እንደገባ እንጃ። እጅ ያወጣን ብቻ የሚያናግር መምህር ከአምስት ልጅ ጋር ሲያወራ ውሎ ስልሳውን አስተማርኩ ይላል።

እኔ የፕላዝማ ዘመን ሰው ነኝ። በ1997 ዓ.ም. ግድም ፕላዝማ፣ ማለትም በቴሌቪዥን የሚተላለፈው ትምህርት፣ ሲገባ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። ማስቆም የለ፣ ማስደገም የለ። ዛሬ ብዙዎቻችን ያንኑ በአካል ቆመን እንሠራለን።

የእኔ አሠራር ሥርዓት አለው። ጥያቄው ይቀድማል፣ ዕጣው ይከተላል። ስም አስቀድመህ ከጠራህ የቀሩት «እኔን አይደለም» ብለው ያርፋሉ። በመካከል ዝም እላለሁ። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1974 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተሙት ጽሑፍ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን፣ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሡ የተማሪው መልስ እንደሚረዝምና ጭራሽ የማይመልሰውም እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ሦስት ሰከንድ ትንሽ ይመስላል፤ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆማችሁ ሞክሩት!

ባለፈው ስለ ረቂቅ ተሕዋስያን ሳስተምር «ወተት ቶሎ እንዳይበላሽ ምን ይደረጋል?» አልኩ። ዕጣው ኋላ ለሚቀመጥ፣ ወላጆቹ እዚሁ አካባቢ ገበሬ ለነበሩ ልጅ ወጣ። ከመስከረም ጀምሮ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። ቆመ፤ በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ብሎ ተወው። «በፈለግከው ቋንቋ» አልኩት። እናቱ የወተቱን ቅል በወይራ እንደምታጥን፣ ካልታጠነ ወተቱ ቶሎ እንደሚበላሽ፣ ጭሱ ሲበዛ ደግሞ እርጎው ለመርጋት እንደሚዘገይ ተናገረ። ፊት ዴስክ ያሉት ዘወር ብለው አዩት። ጭሱ ባክቴሪያን እንደሚገታ ለማስረዳት ከዚያ በኋላ ብዙ አልደከምኩም። ያ ልጅ እጁን እስኪያወጣ ብጠብቅ ሰኔ ይደርስ ነበር።

ሰው ፊት መታረምም ለእኛ አገር ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። ቅኔ ቤት ተማሪው ሲያወጣ ሲያወርድ ያደረውን ቅኔ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይቆጥራል፤ መምህሩም ያርመዋል።

መምህሩ፦

በዕድሜም በሥራም ታላቄ ነዎት፤ ስለዚህ ከራስዎ ምሳሌ ልነሣ። የቅኔ ተማሪው ሌሊቱን አስቦበት ነው የሚቀርበው። የእርስዎ ተማሪ የሚያስብበት ሦስት ሰከንድ ነው። በማያስብበት ቋንቋ፣ ስልሳ ሰው እያየው።

የወይራውን ልጅ ታሪክ ወድጄዋለሁ። ግን ያናገረው ጣሳው ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ያናገረው ጥያቄው ከቤቱ ጓዳ መውጣቱና «በፈለግከው ቋንቋ» መባሉ ነው። ይህ ልጅ ቤቱ አፋን ኦሮሞ ያወራል፣ ጓደኛውን በአማርኛ ያናግራል፣ ዘጠነኛ ሲገባ ደግሞ ባዮሎጂውም ሂሳቡም በእንግሊዝኛ ሆነበት። ዝም ቢል ምን ይገርማል?

የክፍሉ ኃላፊ እንደመሆኔ እርስዎ ጋ የማይደርስ እኔ ጋ ይደርሳል። በዓመቱ አጋማሽ፣ ከመሀል ከተማ በኮሪደር ልማት ተነሥተው እዚህ የገቡ ቤተሰቦች ልጆች ተቀላቅለውናል። አንዷ በመጣች በሳምንቷ ዕጣው ደረሳት። ተነሣች፤ «ኒውክሊየስ» የሚለውን ስታነብ ተደናቀፈች፤ ኋላ ያሉት ሳቁ። እርስዎ ተቆጥተው ዝም እንዳሰኟቸው አውቃለሁ። በማግስቱ ግን ቢሮ መጥታ «ቲቸር፣ ሴክሽን ይቀየርልኝ» አለችኝ። ምክንያቷን ለማወቅ ብዙ ጠየቅኋት፤ የነገረችኝ የመውጫው ደወል ሊደወል ሲል ነው። አሁን ባዮሎጂ ባለ ቀን ሆዷን ያማታል።

ዝምታ አንድ ዓይነት አይደለም። ያልገባው አለ፣ ገብቶት ቃል ያጠረው አለ፣ ቁርስ ሳይበላ የመጣ አለ፣ ይሉኝታ የያዘው አለ። ዕጣ ይህን ሁሉ አይለይም።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ሁለት ደቂቃ ማንም አይናገርም፤ ሁሉም ደብተሩ ጀርባ ላይ ይሞክራል። ቀጥሎ ከጎኑ ካለው ጋር በፈለገው ቋንቋ ያወራል። እኔ በዴስኮቹ መካከል እየዞርኩ አያለሁ። አንዷ ጥሩ መንገድ ከያዘች ጠጋ ብዬ «ይቺን ሰሌዳ ላይ ትሠሪልኛለሽ?» እላታለሁ። የምትነሣው የያዘችው ነገር እንዳላት አውቃ ነው። ስሕተትም ቢሆን ጠቃሚ ከሆነ እንዲሁ አስፈቅጄ አወጣዋለሁ። በ2014 ዓ.ም. በ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ከሆኑ ወዲህ «ተማሪው ይሳተፍ» የማይል ኃላፊ የለም። መሳተፍ ሲባል ግን ሁሉም የሚያስበው አፍን ነው። ፈተናው የሚጠይቀው ብቻን ቁጭ ብሎ ወረቀት ላይ ማሰብን ነው፤ እርሳስ የያዘ እጅም ይሳተፋል።

መምህርቷ፦

ስለ ልጅቷ ሆድ ሕመም አልነገርከኝም። ሻይ ቤት አብረን ስንቀመጥ ልትነግረኝ ይገባ ነበር።

ወደ ክርክሩ ልመለስ። በአርባ ደቂቃ ፔሬድ ስልሳ ደብተር አያለሁ ትላለህ? መምህር ሲዞር እግሩ የሚሄድበት መንገድ አለው፤ ዴስኮቹ ተጠጋግተው ኋላ ድረስ መተላለፊያ እንደሌለ አንተም ታውቃለህ። «ጠጋ ብዬ እመርጣለሁ» ያልከው ላይ ነው ጭንቀቴ። መርጠህ ያወጣሃቸውን እስቲ ለአንድ ሳምንት ስማቸውን ጻፍ። ስንቱ ሴት ነው? ስንቱስ ከሦስተኛው ዴስክ ወዲያ ነው? የማንም ዓይን ያዳላል፤ የእኔም ያዳላል፤ ጣሳውን የያዝኩት ለዚሁ ነው።

ጎን ለጎን ማውራቱንም አውቀዋለሁ። አንድ ለአምስት የሚባለው የተማሪዎች አደረጃጀት በነበረ ጊዜ የቡድን ሥራ ስንሰጥ አንዷ ትሠራለች፣ የቀሩት «ስሜን ጻፊልኝ» ይላሉ፣ ማርኩ ለአምስቱም እኩል ነው። አንተ ጋ ዴስኩ ሦስት ልጅ ይይዛል፤ መካከል የተቀመጠው ያወራል፣ ዳርና ዳር ያሉት ያዳምጣሉ።

«ዝም አይነቅዝም» ብለን ያሳደግነው ልጅ ነገ ክሊኒክ ሄዶ የታዘዘለትን መድኃኒት ለምን እንደሚወስደው አይጠይቅም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚሉትም እኮ እነዚያው አባቶች ናቸው።

ደግሞም ማንንም አላስገድድም። ቁጥሩ የወጣለት «ልለፍ» ማለት ይችላል፤ ሌሎች ሁለት ከመለሱ በኋላ ግን ተመልሼ እጠይቀዋለሁ።

መምህሩ፦

የዓይኔን ነገር እቀበላለሁ፤ ስሞቹን እጽፋለሁ። ለኋላ ዴስኮችም ዘዴ አለኝ። በየሳምንቱ አንድ ረድፍ ወደፊት አዛውራለሁ፤ ልጆቹ ያጉረመርማሉ እንጂ ይሠራል።

«ልለፍ» ላይ ግን አልተስማማንም። ተመልሼ እመጣለሁ ካሏት፣ እነዚያ ሁለቱ ሲመልሱ እሷ መልሳቸውን አትሰማም፤ የራሷን ልብ ምት ነው የምትሰማው። እንዲመለሱባት የምትፈልግ ከሆነ እጇን ታውጣ። አለበለዚያ ደብተሯ ላይ የጻፈችውን ሲወጡ ይዩላት። አንድ ነገር ደግሞ ልለምንዎት። በዓመቱ አጋማሽ የገቡት ልጆች ቁጥር ለአንድ ወር ጣሳው ውስጥ አይግባ። የጎረቤቶቻቸውን ስም እንኳ ገና አልያዙም።

መምህርቷ፦

ወር አይሆንም፣ ሁለት ሳምንት ይበቃል። ወር ሙሉ ያልተጠራ ልጅ ኋላ ዴስክ ቦታውን ይዞ ይደላደላል፤ ከዚያ የሚያስነሣው የለም። የክፍሉ ኃላፊ አንተ ነህና የአዲሶቹን ተራ ቁጥር ላክልኝ፤ ሰኞ ከጣሳው አወጣቸዋለሁ። ልጅቷን ግን እኔው ራሴ አናግራታለሁ፤ አንተ በመካከል አትግባ።