የቀበሌያችንን ሰዎች መቼ ነው የምንመርጠው?

እዚህ ደብረ ማርቆስ ለአብዛኛው ሰው መንግሥት ማለት ቀበሌ ነው። መታወቂያ የሚታደሰው እዚያ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጻፈው፣ የወሰን ክርክር የሚጀመረው እዚያ ነው። ቀበሌና ወረዳ የሚመሩትን ሰዎች ግን እኛ አልመረጥናቸውም።

የመጨረሻው የቀበሌና የወረዳ ምርጫ የተካሄደው ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። ያኔም ብዙ ተቃዋሚዎች አልተሳተፉም፤ ኢሕአዴግ ብቻውን ሮጦ ብቻውን አሸነፈ ማለት ይቻላል። ቀጣዩ በ2010 መሆን ነበረበት፤ ተራዘመ። እንደገና ተራዘመ። በ2013 ለፌዴራልና ለክልል ምክር ቤት ድምፅ ስንሰጥ ቀበሌና ወረዳ አልተካተቱም። በ2005 አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ዛሬ ለመምረጥ ዕድሜው ደርሷል።

«ጦርነት እያለ ምን ምርጫ ነው?» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ አሁን በብዙ የጎጃም ወረዳዎች ኮሮጆ ይዞ መዞር አይቻልም። ግን ምርጫው በ2010 ሲራዘም ይህ የመንግሥትና የፋኖ ጦርነት አልነበረም። የክልላችን የአማራ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀው ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ ነው። ጦርነቱ የደረሰብን የቅርብ ሹመኛችንን በድምፃችን ማንሳት ሳንችል ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው።

ክረምት 2015 ሲገባ ገበሬው ማዳበሪያ አጥቶ እስከ ባሕር ዳር ለአቤቱታ ሄዷል። የዘር ወቅት እያለፈበት ነው እንግዲህ። የወረዳው ኃላፊ በዚህ ገበሬ ድምፅ ወንበር የሚያገኝና የሚያጣ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ እዚያው በተጨነቀበት ነበር። አሁን ግን ሹመኛው የሚፈራው የሾመውን ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 መሠረት ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ እርከኖች በቂ ሥልጣን መሰጠት አለበት። አንቀጽ 12 ደግሞ እምነት ያጣንበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሳት እንደምንችል ይናገራል። ያልመረጥነውን ከየት እናነሳዋለን?

ጎጃም ይህን ታሪክ ያውቀዋል። በ1960 ገበሬው የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ ሲነሳ የሚሰማው ጠፍቶ መሣሪያ አነሳ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ንጉሡ ጠቅላይ ገዥውን አነሱ፣ ውዝፉንም ግብር ማሩ። ብዙ ሰው ከዚህ የተማረው ጠመንጃ ካልተነሳ ማንም እንደማይሰማ ነው። እኔ ይህን ትምህርት አልቀበልም። የሚያናድደኝ ግን መንግሥት ራሱ በየዓመቱ እውነት ያስመስለዋል።

እኔ ለውጥ ፈላጊ ነኝ። የሚስት ስም በመሬት ደብተር ላይ ከባሏ ጋር እኩል መስፈሩ በክልላችን ከተሠሩ ጥሩ ሥራዎች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። ልጃገረዶች ሳይዳሩ ትምህርታቸውን እንዲጨርሱ እፈልጋለሁ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወንዱ ወደ ከብት ጥበቃ ይመለሳል፣ ሴቷ ትዳራለች። ይህን ለመናገር እንኳ አሁን ቦታ ጠፍቷል። ሹመኛን ከተቸሁ «የጽንፈኛ ደጋፊ» ነኝ። ትምህርት ቤት ይከፈት ካልኩ «ባንዳ» ነኝ። ሁለቱንም ስድብ የሚወረውሩት ሰዎች መሣሪያ አላቸው። ልጁን ማስተማር የሚፈልገው ወላጅ ምንም የለውም።

ምርጫውን ያራዘመው የፌዴራሉ ፓርላማ ነው፤ የሚያስፈጽመውም ምርጫ ቦርድ ነው። ይሁን። የክልላችን ምክር ቤት ግን «የእኛ ቀበሌዎች መቼ ይመርጣሉ?» ብሎ በይፋ ሲጠይቅ አልሰማሁም። ይጠይቅ። ሰላም ባለበት አካባቢ ይጀመር፣ ለሌላውም የጊዜ ሰሌዳ ይነገረን።

እስከዚያው ደግሞ የወረዳ በጀት እንደ ድሮው በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ስንት እንደተመደበ፣ ስንቱ ለታለመለት ሥራ እንደዋለ፣ ስንቱ ወደ ሌላ እንደዞረ ነዋሪው አንብቦ ይወቅ። ይህን ለማድረግ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም፤ የወረዳው አስተዳዳሪ ነገ ጠዋት ሊያዘው ይችላል።