የሄደው መምህር ክፍለ ጊዜ ለማን ይቀራል?

ዛሬም አንድ ሄደብን። የፊዚክስ መምህራችን። ስምንት ዓመት አብረን ሠርተናል። ሻይ ጠጥተን ሸኘነው። በዕቁብ ብር ባጃጅ ገዝቷል፤ ሰኞ ሥራ ይጀምራል።

አልፈርድበትም። ሦስት ልጆች አሉት። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ጤፉም ዘይቱም የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ደመወዝ ሊጨመር ነው የተባለ ዕለት ቤት አከራይ ከእኛ ቀድሞ ይሰማል። በዚያ ላይ ሳንጠየቅ የሚቆረጥብን መዋጮ አለ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ሰው በለቀቀ ቁጥር ክፍለ ጊዜው እኛ ላይ ይደለደላል። እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። በሳምንት 24 ክፍለ ጊዜ ነበረኝ፤ አሁን 30 ገባ። ምትክ ይመጣል ይሉናል። ከዚያ "በጀት የለም" ይባልና ዓመቱ ያልቃል። የቀረ ሰው የሄደውን ሁሉ ይሸከማል። ሲሰለቸው እሱም ይሄዳል። የሱ ደግሞ ሌላው ላይ ይወድቃል። እንዲህ እያለ ስንት ጎበዝ አስተማሪ አጣን!

በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር ጮኸ። ጣት የተቀሰረው ወደ እኛ ነበር። እሺ፣ ድርሻ አለን። ግን እነዚህ ልጆች ዘጠነኛ ክፍል ሳሉ ፊዚክስ ማን አስተማራቸው? ስንት ወር ያለ መምህር ተቀመጡ? ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ መጽሐፉ የደረሰን በፒዲኤፍ ነው። ስልክ የሌለው ልጅ በምን ይክፈተው?

"አንተስ ምን ትጠብቃለህ?" ትለኛለች ባለቤቴ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ አለችኝ። ፔሪዮዲክ ቴብሉን በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ገልብጣ፣ አጣጥፋ ደብተሯ ውስጥ ይዛው ትመጣለች። ቤተ ሙከራችን ኬሚካል ካየ ዓመታት አልፈዋል። ታይትሬሽንን፣ ማለትም አንዱን ፈሳሽ ሌላው ላይ ቀለሙ እስኪቀየር በጠብታ እየጨመሩ የሚለኩበትን ሙከራ፣ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሳልኩ ነው የማስተምራት። "ቲቸር፣ ቀለሙ ሲቀየር ምን ይመስላል?" አለችኝ ባለፈው። ለዚህች ልጅ ምን ብዬ ልለቅ?

የምስጋና ወረቀት አልፈልግም። ለሄደው ሰው ምትክ በወሩ ይቀጠር። የደረብነው ክፍለ ጊዜ ይከፈልበት። ከደመወዛችን ከመቆረጡ በፊት እንጠየቅ።

ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ 11ኛ ለ ፊዚክስ ነው። የምገባው እኔ ነኝ። ልጆቹ ተኝተዋል፣ እኔ መጽሐፉን ከምዕራፍ አንድ ጀምሬ እያነበብኩ ነው።