አምስተኛውን አያ ያነበበ ስድስተኛውንም ያንብብ

ማታ ማታ ቲክቶክ ላይ ላይቭ የሚገባ ሰው ይህን ክርክር ሳያገኘው አይቀርም። አንዱ ከቁርኣን አንድ አያ (አንቀጽ) ይመዛል፣ ሌላው ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ጥቅስ ይመዛል። ስጦታው ይዘንባል፣ ስድቡም አብሮ ይዘንባል። ከሚመዘዙት ውስጥ የማትቀር አንዲት አያ አለች፤ የቁርኣን 9ኛ ምዕራፍ የሆነችው የሱረቱ ተውባ 5ኛዋ። «የተከበሩት ወራት ባለቁ ጊዜ አጋሪዎቹን ባገኛችሁባቸው ስፍራ ግደሏቸው» የምትለው፤ አጋሪ ማለት ከአላህ ጋር ሌላ የሚያመልክ ነው። ሙስሊሙ ተከራካሪ ደግሞ ፈጥኖ የበቀራን 256ኛ አያ ያነሳል። «በሃይማኖት ማስገደድ የለም።» ከዚያ ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ ሌሊቱ በዚያው ይነጋል።

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ይህ ክርክር ያመኛል። ጥያቄው በመነሳቱ አይደለም። አንድ ክርስቲያን ወጣት ስለዚህች አያ ቢጠይቅ መብቱ ነው፣ እኛም ልጆቻችንን የምናስተምር ሰዎች ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባል። የሚያመኝ መልሳችን ነው። ለስላሳ አያ አውጥተን በጠንካራዋ ላይ ስንወረውር፣ ጠንካራዋን ለገዳዮች ትተንላቸው መሄዳችን ነው። እኔ ግን ተውባንም አልለቅላቸውም። ስለዚህ ከላይ ጀምረን እናንብባት።

ነገሩ የሚጀምረው ከውል ነው። እ.ኤ.አ. በ628 ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ቁረይሾች ጋር ሑደይቢያ ላይ የአሥር ዓመት የሰላም ውል ተዋዋሉ። ሁለት ዓመት ገደማ እንደቆየ የቁረይሾች ወዳጅ የነበሩት በኑ በክር፣ የነቢዩ ወዳጅ የነበሩትን ኹዛዓዎች በሌሊት አጠቋቸው፤ ቁረይሾችም አገዟቸው። ውሉ በዚህ ፈረሰ፣ በ630 መካ ተከፈተች። የሱራዋ መጀመሪያ በዓመቱ በሐጅ ወቅት ለተሰበሰበው ሕዝብ ተነበበ፤ ያነበቡት ዐሊይ ናቸው።

አሁን ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። 2ኛው አያ ውል ላፈረሱት አራት ወር ጊዜ ይሰጣል። 4ኛው ውላቸውን ያላጓደሉትን ለይቶ ያወጣል፤ ቃላችሁን እስከ ጊዜው ድረስ ሙሉላቸው ይላል። 5ኛው ያ የሚፈራው ነው። ቀጥሎ 6ኛው እንዲህ ይላል፦ «ከአጋሪዎችም አንዱ ጥገኝነት ቢጠይቅህ የአላህን ንግግር ይሰማ ዘንድ አስጠጋው፤ ከዚያም ወደ መጠበቂያው ስፍራ አድርሰው።» ወረድ ብሎ 13ኛው ጦርነቱ ከማን ጋር እንደሆነ ይነግረናል፤ መሐላቸውን ካፈረሱና መጀመሪያ ከጀመሯችሁ ጋር።

6ኛዋ ላይ ትንሽ እንቆይ። ጦርነት ላይ ነን። ጠላት የሆነ ሰው መጥቶ አስጠጉኝ አለ። አያዋ «ከሰለመ አስጠጋው» አላለችም። ይስማ ነው ያለችው። ሰምቶ ባይቀበልስ? ወሎ ውስጥ ደረሳው (የሃይማኖት ተማሪው) ሁሉ የሚቀራው የተፍሲር (የቁርኣን ትርጓሜ) ኪታብ፣ ጀላለይን፣ ይህን በግልጽ ይመልሳል፤ ካላመነ ወደ ወገኖቹ አገር ይድረስ፣ ስለ ነገሩ እንዲያስብበት። አድርሶት የሚመለሰው ደግሞ ሙስሊሙ ነው። በጦር ሜዳ መካከል አጅቦ፣ ራሱ አደጋ ላይ ወድቆ። ይህች አያ ከ5ኛዋ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው ያለችው። 5ኛዋን ጠቅሶ 6ኛዋን ያልጠቀሰ ሰው ሳያነብ ነው የተናገረው፤ ወይም አንብቦ ደብቋል።

ይህ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለም፣ እኛን በደም ነክቶናል። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሰየመው ቡድን ክርስቲያን ወገኖቻችንን ሊቢያ ውስጥ ሲያርድና ሲረሽን የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀ። ከሟቾቹ ሁለቱ የጨርቆስ ልጆች ነበሩ። ባሕር ተሻግረው ሠርተው ቤተሰብ ሊረዱ የወጡ ስደተኞች። ጨርቆስ ያን ሳምንት ድንኳኑ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነበር ያለቀሰው። ገዳዮቹ በቪዲዮው ላይ የያዙት ሰበብ እዚያው ተውባ ውስጥ ያለው 29ኛው አያ ነው፤ ወይ ስለሙ፣ ወይ ጅዝያ (ሙስሊም ያልሆነ የሚከፍለው ግብር) ክፈሉ፣ ወይ ሙቱ።

በነሱው መንገድ እንኳ እንሂድ። 29ኛውን አያ የቀደሙት ሙፈሲሮች (የቁርኣን ተርጓሚዎች) የሚያያይዙት በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ከሮማውያን ጋር ለመግጠም ከተደረገው የተቡክ ዘመቻ ጋር ነው። ብዙዎቹ የፊቅህ (የኢስላም ሕግ) ኪታቦች ስለ ጅዝያ ሲያወሩ ሴቱን፣ ሕፃኑን፣ አቅም የሌለውን ድሃ ያስወጣሉ። በሙስሊም አገር በሰላም የሚያልፍ መንገደኛ ደግሞ ራሱን የቻለ ሕግ አለው። አንድ ተራ ሙስሊም እንኳ ደኅንነት ከሰጠው ደሙ የተጠበቀ ነው። እነዚያ ልጆች ወታደር አልነበሩም፣ ውል አላፈረሱም፣ የማንንም አገር አልወረሩም። አሥር ዓመት ኪታብ ላይ ያጎነበሰ አንድ ደረሳ ጠርታችሁ ብትጠይቁት፣ ጥንታዊውና ጥብቅ የሚባለው ፊቅህ እንኳ ይህን ግድያ እንደማይሸከም ይነግራችኋል።

ከዚህ ግድያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በመስከረም 2007፣ ከተለያዩ አገሮች የተውጣጡ 126 ዓሊሞችና የሃይማኖት መሪዎች ለቡድኑ መሪ ለአል-በግዳዲ ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። 24 ነጥብ አለው። ከመጀመሪያዎቹ ነጥቦች አንዱ፣ ቁርኣንና ሐዲስ ስለ ጉዳዩ ያሉትን ሁሉ ሳያዩ አንዲት አያ መዞ ፍርድ መስጠት አይፈቀድም ይላል። ያ ደብዳቤ እኛ አገር በቂ ወሬ ሳይሆን አለፈ። ቪዲዮውን ግን ሁሉም በስልኩ አየው።

አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። የተውባ 5ኛ አያ 124 አያዎችን ሽራለች ያሉ የጥንት ሊቃውንት ነበሩ። ትዕግሥትን፣ ይቅርታን፣ መተውን የሚያዙ አያዎች ሁሉ በሷ ተሽረዋል ማለት ነው። ይህን «ኢስላም እንዲህ ብሎ አያውቅም» ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ብለዋል። ነገር ግን ሌሎች ሊቃውንት እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የ15ኛው ክፍለ ዘመን ግብፃዊ ሊቅ ሱዩጢ ተሽረዋል የሚባሉትን አያዎች አንድ በአንድ መርምረው ወደ 20 አወረዷቸው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሕንዳዊው ሻህ ወሊዩላህ አምስት ላይ አደረሷቸው። ሁለቱም «ዘመናዊ ለዘብተኛ» የሚባሉ አልነበሩም። ያደረጉት አያዎቹን እያቀራረቡ፣ ይህ እዚህ ላይ ይሠራል፣ ያ እዚያ ላይ ይሠራል እያሉ ማስታረቅ ነው። የቁርኣን ተርጓሚው ጠበሪ ደግሞ ከሺህ ዓመት በፊት «በሃይማኖት ማስገደድ የለም» የምትለው አያ አልተሻረችም ብለው ተከራክረዋል።

ለመሆኑ ያቺ አያ ስለማን ወረደች? ይህን ታሪክ በጁሙዓ ኹጥባ ላይ ደጋግሜ ብሰማው ደስ ይለኛል። ኢስላም ከመምጣቱ በፊት መዲና ውስጥ ልጅ አልቆይ ያላት እናት ስለት ትሳል ነበር፤ ይህ ልጅ ከቆየልኝ አይሁድ አደርገዋለሁ ብላ። የቆዩት ልጆች አይሁድ ሆነው አደጉ። በኋላ በኑ ነዲር የተባሉት አይሁዶች ከመዲና ሲወጡ እነዚህ ልጆች አብረዋቸው ነበሩ። የሰለሙት ወላጆች «ልጆቻችንን አንለቅም» አሉ። አያዋ የወረደችው ያኔ ነው። አስቡት፤ የማታስገድደው ባዕዱን አይደለም፣ የገዛ ልጅህን ነው።

ከዚህ ጋር የምትሄድ ሌላ ታሪክ አለች። የአቡበክር ልጅ አስማእ እናቷ አልሰለመችም ነበር። ስጦታ ይዛ ልትጠይቃት መዲና ድረስ መጣች። አስማእ ግራ ገባት፣ ስጦታውንም ሳትቀበል ሰው ልካ ነቢዩን አስጠየቀች። መልሱ እናትሽን ተቀበያት፣ ዘመድነቷን ጠብቂ ነበር። የሙምተሒና 8ኛ አያ ስለዚህ ወረደች ይባላል፤ በሃይማኖት ላልተዋጓችሁና ከአገራችሁ ላላወጧችሁ መልካም ብትውሉ አላህ አይከለክላችሁም የምትለው።

ወሎዬ ይህን ታሪክ ሲሰማ አዲስ አይሆንበትም። አያቱ ሸህ፣ የእናቱ ወንድም ቄስ የሆነ ሰው ሞልቷል። ሠርግ ሲደገስ ሁለት ይታረዳል፤ የእስላም ሥጋ ለብቻ፣ የክርስቲያን ሥጋ ለብቻ። ድስቱም ጭልፋውም አይገናኝም። ድንኳኑ ግን አንድ ነው፣ ወጪውንም ደጋሹ ነው የሚሸፍነው። እዚህ ላይ ሁሌ የሚገርመኝ ነገር አለ። የማኢዳ 5ኛ አያ መጽሐፍ የተሰጡትን ሰዎች ምግብ ለሙስሊም ትፈቅዳለች። እኛ አገር ግን ልማዱ ከኪታቡ ጠብቆ ቀረ። እንዲህም ሆኖ ያንን ጥብቅ ልማድ የያዙት ሰዎች አብረው ይኖራሉ፣ አብረው ይቀብራሉ። መቻቻል ማለት የኔንም ያንተንም ድንበር ማፍረስ የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ድግስ ቢያዩት እመኛለሁ። እናቶቻችን ሁለተኛውን ድስት የጣዱት እንግዳው ሳይሳቀቅ እንዲበላ ነው።

ይህን ስል የቆሰልንበትን አልረሳሁም። በሚያዝያ 2014 ጎንደር ላይ በቀብር ሰዓት ሙስሊሞች ተገደሉ፣ ወዲያው ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። እዚያ ኪታብ የገለጠ ሰው አልነበረም። ጠቡ የጀመረው ለቀብር በተነሳ ድንጋይ ነው። ጥፋቱ ሁሉ ከአተረጓጎም ይመጣል የሚል ካለ ይህን ያስተውል። ነገር ግን ቁስሉ ላይ አያ እየጠቀሱ የሚረጩት ከሁለቱም ወገን ወዲያው ስልክ ላይ ይደርሳሉ፤ ዓሊሞቻችን የሚደርሱት ዘግይተው ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ሞሮኮ ማራከሽ ውስጥ በሸህ ዐብደላህ ቢን በያህ አስተባባሪነት ከ250 የሚበልጡ ዓሊሞችና መሪዎች ተሰብስበው መግለጫ አወጡ። መሠረት ያደረጉት የመዲናን ሰነድ ነው። ነቢዩ መዲና ሲገቡ ከከተማዋ ነዋሪዎች ጋር ያጸኑትን፣ አይሁዶችን ከነሃይማኖታቸው የማኅበረሰቡ አካል ያደረገውን። በሙስሊም አገሮች የሚኖሩ አናሳዎች መብት በዜግነት እንዲጠበቅ፣ የትምህርት መጻሕፍትም እንዲፈተሹ ጠየቁ። መግለጫ ነው፣ ሕግ አይደለም። ብዙ አገሮች ውስጥ እስከ ዛሬ ወረቀት ላይ ነው ያለው። ቢሆንም መንገዱን ወድጄዋለሁ። ከራሳችን ሰነድ ተነስተው ነው የደረሱበት፣ ማንም ከውጭ አምጥቶ አልጫነባቸውም።

እኛ አገር ደግሞ ሥራው ከባዶ አይጀመርም። እንደ ጃማ ንጉሥና ዳና ያሉ የወሎ የኪታብ ትምህርት ማዕከላትን ያፈራ አገር ነው። በአማርኛ ተፍሲር የሚያስቀሩ፣ አያ በአያ ከነሰበቡ የሚተነትኑ ሸኾች ዛሬም አሉን። ደርሳቸው (ትምህርታቸው) ግን ከሐሪማው፣ ከትምህርት ሰፈሩ፣ ግድግዳ አይወጣም። መጅሊሱም፣ መስጂዶቹም፣ ገንዘብ ያለው ነጋዴም፣ በየዐረብ አገሩና በአሜሪካ ያለው ጀመዓም ካሜራና ማይክ ይዞ እነዚህ ሸኾች ጋ ይሂድ። በመጀመሪያም የተውባን አሥራ ሦስት አያዎች ያስቀሩን። ሳይዘሉ፣ የሚከብደውን ሳያለሳልሱ፣ በዚያ በሚያውቁት አማርኛ። ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ይጫን። ያ ማታ ማታ የሚጠይቀው ክርስቲያን ወጣት መልሱን ከተሳዳቢ ሳይሆን ከእነሱ አፍ ይስማ። የኛም ልጅ አብሮት ይስማ፤ እሱም አምስተኛዋን እንጂ ስድስተኛዋን ገና አልሰማም።